በአንድ ሰው ላይ ብዙ ክስ ሲቀርብ የእስር ዘመኑ እንዴት ይወሰናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ከፍርድ ቤት አጥር ውጭ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው በሚጠብቁበት ጥግ፣ አንዲት እናት ከቦርሳቸው የታጠፈ የክስ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ተደርድሯል፦ 15፣ ከሥሩ 15፣ ከሥሩ 5፣ ከመስመሩ በታች 35። ሠላሳ አምስቷ ሁለት ጊዜ ተከብባለች።

«ልጄ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊፈረድበት ነው አይደል?» አሉኝ።

ድምሩ ልክ ነበር። የተደመሩት ቁጥሮች ግን መደመር ያለባቸው አልነበሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንኑ ሒሳብ በተለያየ ወረቀት ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በጥብቅና ሥራዬ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ይህን ያህል የሚመላለስ የለም። ከዚህ በታች ያለው ለቤተሰብ የምመልሰው መልስ ነው። የእርስዎን መዝገብ ያላየ ሰው የጻፈው ስለሆነ የጠበቃን ምክር አይተካም።

ሦስት ክስ የቀረበበት ሰው ሦስት ቅጣት ይቀበላል ማለት ነው?

በሦስቱም ጥፋተኛ ከተባለ በመሠረቱ አዎን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 184 የመረጠው መንገድ መደመር ነው፤ ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ወንጀል የሚገባውን ቅጣት ይወስናል፣ ከዚያ ይደምራል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከወንጀሎቹ መካከል የከባዱን ቅጣት መነሻ አድርጎ ከዚያ ከፍ የማድረግ ዘዴ ይከተል ነበር። የአሁኑ ሕግ አውጪዎች ይህ አካሄድ አሥር ወንጀል የሠራውንና ሁለት የሠራውን ያቀራርባል ብለው ተዉት። ስለዚህ አንዳንድ አዛውንት «ከባዱ ብቻ ነው የሚታየው» ሲሉ ከሰሙ አልዋሹም፤ የሚያወሩት ስለ ድሮው ሕግ ነው።

አሁን ወደ እናትየዋ ሒሳብ እንመለስ። እርሳቸው የደመሩት በየአንቀጹ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ነው። ከባድ ስርቆትን የሚመለከተው አንቀጽ 669 ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፤ ተራውን ስርቆት የሚመለከተው 665 ደግሞ ቀላል እስራት ወይም እንደነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። 15 ማለት ዳኛው ከዚያ በላይ መሄድ የማይችሉበት ድንበር ነው፤ ልጁ የሚቀበለው ቁጥር አይደለም። የሚደመረው ዳኛው በዚያ ክልል ውስጥ ለዚያ ድርጊት የቆረጡት ቁጥር ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ወደ ታችኛው ጫፍ የቀረበ ይሆናል።

ድምሩስ ገደብ የለውም?

አለው። ሕጉ ሁለት ዓይነት እስራት ያውቃል። ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ወንጀሎች ሲደራረቡ ወይም የወንጀሉ አንቀጽ ራሱ እንዲህ ሲል እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ባስቀመጠው ቦታ ደግሞ ዕድሜ ልክ። ድምሩ የዚያን የእስራት ዓይነት ጣሪያ አያልፍም። አንድ ሰው በአሥር ተራ ስርቆት አንዳንድ ዓመት ቀላል እስራት ቢገባው ወረቀት ላይ አሥር ዓመት ይመጣል፤ ውሳኔው ላይ የሚጻፈው ግን ከአምስት አይበልጥም። በጽኑ እስራትም እንዲሁ፣ ድምሩ 35 ቢመጣ 25 ላይ ይቆማል። እናትየዋ የፈሩት ቁጥር በሕጉ ውስጥ ጭራሹን የለም።

ከወንጀሎቹ በአንዱ የሞት ቅጣት ወይም ዕድሜ ልክ እስራት ከተወሰነ ሌሎቹን የእስር ዓመታት ይውጣቸዋል። በዕድሜ ልክ ላይ ሰባት ዓመት የሚጨመርበት ምክንያት የለም። የገንዘብ መቀጮና ንብረት መውረስ ግን ጎን ለጎን ሊታዘዙ ይችላሉ።

ታዲያ ውጭ አገር 150 ዓመት ሲፈረድ የምንሰማው ምንድን ነው?

የአሜሪካ ሕግ ነው። በርናርድ ማዶፍ በ11 የወንጀል ክሶች ጥፋተኛነቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2009 የ150 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፤ ዳኛው የየክሱን ጣሪያ ደምረው ነው እዚያ የደረሱት። ኖርዌይ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ናት። 77 ሰው የገደለው አንደርስ ብሬይቪክ እ.ኤ.አ. በ2012 የተፈረደበት 21 ዓመት ነው፤ እርግጥ አደገኛነቱ ካልቀነሰ ሊራዘም የሚችል ነው። የእኛ ሕግ የመደመርን ነገር ከአንዱ፣ የጣሪያን ነገር ከሌላው የወሰደ ይመስላል፤ ከማንም ባይቀዳውም።

ከውጭ የሚደውሉ ዘመዶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር አለ፦ «ቅጣቶቹ ጎን ለጎን ይቆጠሩለት ብለህ አመልክትልን» ይላሉ። በሚኖሩበት አገር ዳኛው ሦስት ቅጣት ወስኖ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይሩጡ ብሎ ማዘዝ ይችላል። እዚህ እንዲህ የሚባል ማመልከቻ የለም። አንድ ድምር አለ፣ እርሱም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይታሰራል።

ሦስት ነገር አድርጓል ማለት ሦስት ወንጀል ሠርቷል ማለት ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፣ ከሁሉም ያነሰ የሚጠየቀውም ይኸው ነው። ቤተሰብ ስለ ዓመት ይጨነቃል፤ ዓመቱን የሚወስነው ግን ከሁሉ በፊት የክሱ ቁጥር ነው። የመደመር ሥርዓት ባለበት አገር በዐቃቤ ሕጉ ወረቀት ላይ «1ኛ ክስ፣ 2ኛ ክስ፣ 3ኛ ክስ» የሚሉት ርዕሶች እያንዳንዳቸው ዋጋ አላቸው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 60 ወንጀሎች ተደራራቢ የሚሆኑባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል። አንደኛው ግልጹ ነው፤ ሰውየው በተለያየ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ወንጀል ሠርቷል። ሰኞ በአውቶቡስ መናኸሪያ የአንዱን ስልክ፣ ሐሙስ በገበያ የሌላውን፣ በሳምንቱ የሦስተኛውን ወስዷል እንበል። ሦስት ተበዳይ፣ ሦስት ቀን፣ ሦስት ውሳኔ፤ ሦስት ወንጀል ነው። ሁለተኛው አንድ ድርጊት ሁለት የሕግ አንቀጽ ሲጥስ ወይም የተለያየ ውጤት ሲያስከትል ነው። ሦስተኛው በአንድ የወንጀል ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ሲደርስ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ 61 ደግሞ በተቃራኒው ይጎትታል። በአንድ የወንጀል ሐሳብ፣ አንድን ግብ ለመምታት፣ በዚያው በአንድ የሕግ ጥበቃ በተሰጠው መብት ላይ የተፈጸሙ ተከታታይ ድርጊቶች አንድ ወንጀል ናቸው ይላል። በአንድ ሌሊት የአንድን ሰው ሱቅ ሰብሮ ዕቃውን በሦስት ምልልስ ያወጣ ሌባ ሦስት ጊዜ አልሰረቀም። ጆንያው ስለማይበቃው ተመላለሰ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀ ሰው ራሱ ያንኑ ሰነድ ቢገለገልበትም፣ መገልገሉ ከመጀመሪያው ሐሳብ ስለሚመነጭ ለብቻው እንዲያስቀጣ ሕጉ አይፈልግም።

እነዚህ ሁለቱ ጠርዝ ናቸው። የሚያከራክረው መሐሉ ነው። አንድ የሱቅ ሠራተኛ በየወሩ ከዕለት ሽያጩ እየቀነሰ ለስምንት ወር ወሰደ እንበል። ስምንት እምነት ማጉደል ነው ወይስ አንድ? ባለሱቁ አንድ፣ ገንዘብ ሣጥኑ አንድ፣ ዘዴው አንድ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ ለመውሰድ አቅዶ ከሆነ የአንቀጽ 61 ክርክር ጠንካራ ነው። አንድ ጊዜ ወስዶ ተጸጽቶ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ችግር ገጥሞት እንደገና ወስዶ ከሆነ ግን ሐሳቡ ታድሷል የሚል ዐቃቤ ሕግ አይሳሳትም። አሳዛኙ ነገር ደንበኞቼ ብዙ ጊዜ «ተጸጽቼ ነበር፣ ግን ቸገረኝ» ማለት ምሕረት የሚያስገኝ ይመስላቸዋል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን ያ ቃል አንዱን ወንጀል ሁለት ያደርገዋል። ለዚህ ነው ፖሊስ ጣቢያ ቃል ከመስጠት በፊት ጠበቃ ማየት የሚጠቅመው።

ሦስት ነገር ራስዎን ጠይቁ፦ የተጎዳው መብት የአንድ ሰው ነው ወይስ የብዙ? በድርጊቶቹ መካከል የነበረው ጊዜ ምን ያህል ነው? ሐሳቡ ከመጀመሪያው አንድ ነበር ወይስ በየጊዜው አዲስ ተወለደ? መልሱን ይዛችሁ ክሱ እንደተሰማ፣ መቃወሚያ በሚቀርብበት ሰዓት ተናገሩ። ቅጣት ከተወሰነ በኋላ «አንድ ነበር» ማለት ይቻላል፣ ግን ያኔ የሚቀረው በይግባኝ መታገል ነው።

በመኪና አደጋ ሁለት ሰው ቢሞት ሁለት ቅጣት ነው?

አዲስ አበባን ከአዳማ የሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ ከሚያልፍበት ከተማ ይህ ጥያቄ ባይመጣ ይገርመኝ ነበር። ሕጉ ለዚህ የራሱን መልስ ቀድሞ አዘጋጅቷል። በቸልተኛነት ሰው መግደልን የሚመለከተው አንቀጽ 543 ሦስት ደረጃ አለው። ተራው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይሆናል። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም አጥፊው ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ ራሱን መቆጣጠር ተስኖት ከነበረ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። የሟቾቹ መብዛት እዚያው አንቀጹ ውስጥ ታስቦ ቅጣቱን አክብዶታል። ከዚያ ውጭ የቆሰሉ ሰዎች ቢኖሩ፣ መንጃ ፈቃድ ባይኖር፣ ከቦታው ቢሸሽ፣ እነዚህ ለየብቻ የሚመጡ ክሶች ናቸው።

ዳኛው ለየክሱ ቁጥሩን ከየት ያመጡታል?

ከልባቸው አይደለም፤ ቀድሞ ግን ወደዚያ የቀረበ ነበር። ተመሳሳይ ድርጊት በአንዱ ችሎት ሁለት ዓመት፣ በሌላው ስምንት ዓመት ይፈረድበት ስለነበር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 88 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ አዘዘ። የመጀመሪያው መመሪያ በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ተሻሽሎ መመሪያ ቁጥር 2/2006 ሆነ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፍርድ ቤቱ በእያንዳንዱ ክስ ወንጀሉ ከዓይነቱ ሲታይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይቶ መነሻ ቅጣት ይይዛል። ስርቆት ከሆነ የንብረቱን ዋጋ፣ የአካል ጉዳት ከሆነ የጉዳቱን ደረጃና የተጠቀመበትን መሣሪያ ያያል። ተደራራቢ ሲሆኑ መነሻዎቹ ይደመራሉ፣ ድምሩ በእርከን ሰንጠረዥ ላይ፣ ማለትም ቅጣቶች ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ በተደረደሩበት ዝርዝር ላይ፣ ቦታ ያገኛል። ከዚያ ማክበጃ ምክንያት እርከኑን ያወጣዋል፣ ማቅለያ ምክንያት ያወርደዋል። በመጨረሻ በቆመበት እርከን ክልል ውስጥ ዳኞቹ ዓመትና ወሩን ይቆርጣሉ። ከመመሪያው መውጣት ይቻላል፤ ግን ለምን እንደወጡ በጽሑፍ ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

«ጽኑ እስራት በእርከን ይህን ያህል» የሚለው የውሳኔው አንቀጽ ለብዙ ሰው ግዕዝ ይመስለዋል። ሆኖም ይግባኝ የሚታይበት ስፍራ እዚያ ነው፦ መነሻው በትክክል ተያዘ? አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጠረ? ለምሳሌ ሌሊት ሰብሮ በመግባቱ ስርቆቱ «ከባድ» ተብሎ በ669 ሥር ከወደቀ፣ ያንኑ ሰብሮ መግባት እንደገና አጠቃላይ ማክበጃ አድርጎ እርከን መጨመር አይገባም። ይህ ስሕተት ከምታስቡት በላይ ይደጋገማል።

ቅጣት የሚያቀልለው ምንድን ነው? «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው» ማለት ይጠቅማል?

የጥፋተኝነት ፍርድ ከተነበበ በኋላ ዳኛው ወደ ዐቃቤ ሕግ ዞረው «የቅጣት አስተያየት?» ይላሉ። እርሱ ማክበጃውን ይናገራል። ከዚያ ተከሳሹ ተራ ያገኛል። ይህች ተራ ብዙ ጊዜ አምስት ደቂቃ አትሞላም፤ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ በጥፋተኝነቱ ደንግጦ ወይም አልቅሶ ያሳልፋታል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

አንቀጽ 82 የሚዘረዝራቸው አጠቃላይ ማቅለያዎች አሉ፦ ባለማወቅ ወይም በየዋህነት መሥራት፣ በከባድ የኑሮ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ መሆን፣ ከድርጊቱ በኋላ ከልብ መጸጸት። መጸጸት በቃል ብቻ አይቆጠርም። ተጎጂውን መርዳት፣ ራስን ለሕግ አሳልፎ መስጠት፣ ጉዳቱን መካስ፣ በክሱ ላይ የተጻፈውን የወንጀል ፍሬ ነገር በሙሉ ማመን፣ እነዚህ ናቸው መጸጸትን የሚያሳዩት። «አድርጌያለሁ፣ ግን እርሱ ሰድቦኝ ነው» ብሎ በግማሽ ማመን ሙሉ እምነት ሆኖ ላይያዝ ይችላል።

«የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ» በአንቀጽ 82 ውስጥ የለም። በአንቀጽ 86 በኩል ነው የሚገባው፤ ሕጉ ያልዘረዘራቸውን ሌሎች ምክንያቶች ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን እየገለጸ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። የልጆቹን የልደት ወረቀት፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ታማሚ ካለ የሐኪም ወረቀት ይዞ መምጣት ነው። ሪከርድ የሌለበት መሆኑም እንዲሁ በማስረጃ ይቀርባል።

ስለ ሽማግሌ አንድ ነገር ልበል። እርቅ በአገራችን ትልቅ ነገር ነው፤ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች ላይ ክሱን እስከማቆም ይደርሳል። በከባድ ወንጀል ግን ክሱ የመንግሥት ነውና በእርቅ አይቆምም። ቢሆንም ካሣ መከፈሉን የሚገልጽ፣ ተበዳይም ሽማግሌዎችም የፈረሙበት የእርቅ ሰነድ ለቅጣት ማቅለያ ጠንካራ ማስረጃ ነው። አንድ ደንበኛዬ ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ካሣ ከፍሎ ነበር፤ ወረቀቱ አጎቱ ኪስ ውስጥ እንደነበረ የሰማሁት ውሳኔው ከተነበበ በኋላ፣ ከችሎት ስንወጣ ደረጃው ላይ ነው። «ቅጣቱን ሲያነቡ ላወጣው ነበር» አለ አጎትየው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ቀድሜ አለመጠየቄ የእኔም ጥፋት ነው።

አንዱን ክስ አምኖ ሌላውን መካድ ይቻላል?

ይቻላል። እምነት ክህደቱ የሚጠየቀው ለየክሱ ነው። የተካደው ላይ ብቻ ማስረጃ ይሰማል።

ከሦስቱ በአንዱ ነፃ ቢባልስ?

የዚያ ክስ ቅጣት ከሒሳቡ ይወጣል፤ የቀሩት ሁለቱ ይደመራሉ። ዐቃቤ ሕግ ግን በነፃ መለቀቁ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል።

ተቀጥቶ እየታሰረ ሳለ ከዚያ በፊት የሠራው ሌላ ወንጀል ቢወጣ?

ይህ ብዙ ሰው ግፍ የሚመስለው፣ ሕጉ ግን አስቦበት ያለፈው ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በጥር ሁለት ወንጀል ሠራ እንበል። አንዱ ተገኝቶ በግንቦት ተፈረደበት፤ ሌላው ከዓመት በኋላ ተደረሰበት። አንቀጽ 186 የሚለው፣ ሁለተኛው ፍርድ ቤት ሲወስን ሰውየው ሁለቱም በአንድ ላይ ቢታዩ ኖሮ ከሚያገኘው የከፋ ቅጣት እንዳያገኝ አድርጎ ይወስን ነው። መዝገቦቹ በዕድል ስለተለያዩ መከራው አይበዛም። ይህን ለዳኛው የሚነግረው ግን ማን ነው? የመጀመሪያውን ውሳኔ ግልባጭ እናንተ ካላቀረባችሁ ሁለተኛው ችሎት ስለ መኖሩም ላያውቅ ይችላል።

ከተፈረደበት በኋላ አዲስ ወንጀል ቢሠራ ነገሩ ሌላ ነው። ቅጣቱን ከጨረሰ ወይም በይቅርታ ከወጣ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ ሆን ብሎ ሌላ ወንጀል የሠራ ሰው በመሠረቱ ደጋጋሚ ወንጀለኛ ይባላል፤ እርሱም ራሱን የቻለ ቅጣት ማክበጃ ነው። ተደራራቢነትና ደጋጋሚነት በየጋዜጣው ይደባለቃሉ። መለያው በመሐል ፍርድ መኖሩ ነው።

በገደብ መለቀቅ፣ አመክሮ፣ ይቅርታ የሚታዩት በድምሩ ነው?

በድምሩ ነው፤ የክስ ቁጥር ክፉ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ቅጣት ወስኖ አፈጻጸሙን ከ2 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ የፈተና ጊዜ ሊገድበው ይችላል፤ ድምሩ ወደ ረጅም ጽኑ እስራት ካደገ ግን ያ በር ይዘጋል። አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱን ሳይጨርሱ መፈታት፣ ደግሞ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ለፈጸመ፣ ጠባዩን ላሻሻለና የሚችለውን ያህል ለካሰ እስረኛ ነው፤ ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት 20 ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ስድስት ዓመት ሲሞላው ማለት ነው። ይቅርታ ከፍርድ ቤት ውጭ ነው፤ የፌዴራሉ በፕሬዚዳንቱ፣ በአዋጅ 840/2006 ሥርዓት ይታያል። ዳኛውን ይቅርታ መለመን ለዚህ ነው ፋይዳ የሌለው፤ እርሳቸው የሚሰጡት ማቅለያ ነው።

ልጁ 17 ዓመቱ ቢሆንስ?

ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት እንደ አዋቂ ይከሰሳል፤ ቅጣቱን ግን ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ የሞት ቅጣትም አይወሰንበትም። ከ9 በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። በመሐል ያሉት ሌላ ሥርዓት አላቸው። የልደት ማስረጃውን የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ አቅርቡ።

እኔ የማውቀው አማርኛ ነው፤ ክሱ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ምን ላድርግ?

አዳማ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፣ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ወረቀቱ ላይ «ሂመታ» ሲል ክስ፣ «አደቢ» ሲል ቅጣት ማለቱ ነው። ችሎቱ የሚሠራበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል። በዚያው አንቀጽ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ሰው ተከላካይ ጠበቃ ይመደብለታል።

በተግባር የማያቸው የከተማችን ሰዎች ግን አብዛኛውን «ይገባኛል» ይላሉ። ገበያ ላይ ያወሩታል፣ ጎረቤት ያስለመዳቸዋል፣ አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ሰው አዳማ ውስጥ ብዙ የለም። የገበያ ቋንቋና የሕግ ቋንቋ ግን አንድ አይደሉም። ተከሳሹ ሦስት ክስ እንደቀረበበት ሰምቶ፣ ሦስተኛው በምን አንቀጽ እንደሆነ ሳይሰማ «አዎን» ሲል አይቻለሁ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

ውሳኔው ከተነበበ በኋላ ወዲያውኑ ምን እናድርግ?

የውሳኔውን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ጠይቁ፤ የይግባኝ ቀን አጭር ነው፣ እየተቆጠረም ነው። ግልባጩን ስታገኙ ለእያንዳንዱ ክስ የተያዘው መነሻ ቅጣት ተለይቶ መጻፉን እዩ። ሦስት ክስ ተብሎ አንድ ጥቅል ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ከየት እንደመጣ አይታወቅምና ለይግባኝ ጥሩ ነጥብ ነው።

ከዚያ ማረሚያ ቤት ሄዳችሁ የእስር ጊዜው ስሌት እንዴት እንደተመዘገበ ጠይቁ። ልጁ በዋስ ሳይወጣ ታስሮ የቆየባቸው ቀናት ከቅጣቱ ይታሰቡለታል፤ ቆጠራው የሚጀምረው ግን ፖሊስ ከያዘበት ዕለት እንጂ ክስ ከተመሠረተበት ዕለት አይደለም። ሁለቱ ቀናት በመዝገቡ ላይ የተለያዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ደግሞ ሦስትና አራት ወር ሊኖር ይችላል። የተያዘበትን ቀን የሚያሳየውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።